«ኮምፒውተር ነኝ» ያለው ስልክ

ደሴ ለሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የምዝገባ ድረ ገጽ የሠራሁት ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት እየተመላለስሁ ነበር። ቅጹን ሁለት አደረግሁት፤ አንዱ ለስልክ፣ ሌላው ለኮምፒውተር። የትኛው ለማን እንደሚከፈት እንዲወስን የተውሁት አሳሹ፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት እንደ ክሮም ያለው ፕሮግራም፣ ራሱን ለሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ፣ ዩዘር ኤጀንት ለሚባለው ነው። አስቀድሞ «ተው» የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አንዲት ልጅ ወረፋዋ ባላለፋት ነበር።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ጽሑፉን ታነባለህ፣ ቃል ትፈልጋለህ፣ ትለያለህ። ጥንቃቄ የሚሻው ቅደም ተከተሉ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ጽሑፍ ውስጥ «ሊኑክስ» የሚል፣ እንደ ዊንዶውስ የኮምፒውተር ሥርዓት ስም የሆነ ቃል ስላለ፣ ሊኑክስን ካስቀደምህ ስልኩን ሁሉ ኮምፒውተር ታደርገዋለህ። አይፎንም «ላይክ ማክ ኦኤስ ኤክስ» ስለሚል ማክን ካስቀደምህ የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ፣ ይሆንብሃል። ክሮም የአፕልን አሳሽ የሳፋሪን ስም ይዞ ይዞራል። ይህን ሁሉ አውቄ በየተራው አስቀምጬዋለሁ።

ምዝገባው በተጀመረ በሳምንቱ ገጹን ማን በምን እንደከፈተ የሚይዘውን መዝገብ ስቆጥር የሊኑክስ ኮምፒውተሮች በዝተው አገኘሁ። ደሴ ውስጥ በየኢንተርኔት ቤቱና በየቢሮው የማየው ዊንዶውስ ነው። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቆምሁም፤ ቁጥሩን በሰንጠረዥ አሳምሬ ለዲኑ ሰጠሁ። እሳቸውም «አየህ፣ አመልካቹ ባለ ኮምፒውተር ነው» ብለው የስልኩን ቅጽ ለመፈተሽ የጠየቅኋቸውን አምስት ቀን ከለከሉኝ። ወረቀቱን እኔው ነኝ በእጃቸው ያስያዝኋቸው።

ምዝገባው ዓርብ ተዘጋ። ሰኞ፣ አንዲት እናት ከሐይቅ ለገበያ ሲመጡ ልጃቸውን አስከትለው ኮሌጁ ደጃፍ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ስልኩ እምቢ አለን፤ ሦስት ቀን ሙሉ ካርድ ሞላን» አሉኝ። «እስቲ ይስጡኝ፣ እማማ» ብዬ ተቀበልሁ። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ ቴክኖ ነው። ገጹን ስከፍተው የኮምፒውተሩ ቅጽ መጣ፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቅቋል። የትምህርት ማስረጃ የሚያያዝበት ቦታ «ፋይሉን ጎትተው እዚህ ይጣሉ» ይላል። ልጅቱ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደዚያ ወደዚህ እየጎተተች አሳየችኝ። በስልክ ምን ጎትታ ትጥላለች? እኔ ያንን የጻፍሁት መዳፊት ለያዘ ሰው ነው።

የክሮምን ምርጫዎች ስከፍት ገጹን በኮምፒውተር መልክ የሚያሳየው ምርጫ በርቷል። ለሌላ ጉዳይ ቅጽ ስትሞላ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ አብርቶላት እንደ በራ ቀርቷል። ይህ ምርጫ ሲበራ ስልኩ «አንድሮይድ» ማለቱን ይተዋል፣ «ሞባይል» ማለቱንም ይተዋል፤ «ኤክስ11፤ ሊኑክስ» ብሎ እንደ ሊኑክስ ኮምፒውተር ራሱን ያስተዋውቃል። የቆጠርኋቸው ሊኑክስ ኮምፒውተሮች ከእነዚህ ስንቱ ነበሩ?

የዚያኑ ቀን መዝገቡን አትሜ ሬጅስትራር ዘንድ ሄድሁ። ልጅቱ የሞከረችባቸው ሰዓታት፣ የቆመችበት ደረጃ ሁሉ ይታያል። ኃላፊው ወረቀቱን ሳያነቡ «ሲስተሙ ካልተቀበላት አላመለከተችም ማለት ነው» አሉ። «ሲስተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብልም ቃላቸውን አላጠፉም። ልጅቱ ወደሚቀጥለው ዙር ተላለፈች። እናትየው ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። ያን ኃላፊ እስከ ዛሬ አልወደድኋቸውም፤ ግን ከእሳቸው በፊት በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መመሪያ ተብሎ የሚጻፈውን ሁሉ አላምንም። «አንድሮይድ ብሎ ሞባይል ካላለ ታብሌት ነው» የሚባለውን ለክሮም ተቀበል፤ ኦፔራ ሚኒ ግን ዳታ አጥብቆ በሚቆጥብበት ጊዜ «አንድሮይድ፤ ኦፔራ ሚኒ» ብቻ ብሎ ሞባይል ሳይል ከስልክ ይመጣል። በዚያ ላይ ገጹ የሚዘጋጀው በኦፔራ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ በጃቫስክሪፕት፣ ገጹን አሳሹ ውስጥ በሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ የምታሽሞነሙነው ቅጽ ብዙው አይሠራም። አይፓድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳፋሪ ላይ ማክ ነኝ ይላል። ክሮም በአንድሮይድ ላይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስልኩን ሞዴል ደብቆ በቦታው «ኬ» የሚል ፊደል ያስቀምጣል፤ የአንድሮይዱም ቁጥር ሁልጊዜ 10 ነው። ስለዚህ «ደንበኞቻችን የትኛውን ቴክኖ ይዘዋል?» የሚል አሠሪ ቢመጣብህ ከዚህ ጽሑፍ መልስ አታገኝለትም። ክሮም ከዚህ ጽሑፍ ለይቶ የሚልከው «ሞባይል ነህ ወይ» የሚል ምልክትም አለ፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ግን አይልኩትም።

ዩዘር ኤጀንትን ለቆጠራ ብቻ ተጠቀምበት፤ ቆጠራህም ግምት መሆኑን በሰንጠረዡ ራስጌ ላይ ጻፍ። ቅጽ ግን አንድ ይሁን፤ በስክሪኑ ስፋት ይጥበብ ይስፋ። ፋይል ማያያዣው ተራው ቁልፍ ይሁን፤ መጎተቱን ለሚችል ጨምርለት እንጂ ብቸኛ መንገድ አታድርገው። ለአሠሪ ከማስረከብህ በፊት ርካሽ ስልክ ተዋስ፣ ያንን የኮምፒውተር መልክ የሚለውን ምርጫ አብራ፣ ከዚያ ቅጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣትህ ሙላው። እኔ አሁን ይህን ሳላደርግ የማስረከቢያ ወረቀት ላይ አልፈርምም።