የሙሽራው መኪና እና ባለ 20 ቶኑ ክሪክ

ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ከከፈትክ ደንበኛህን የሚመርጥልህ መንገዱ ነው። እኔ የምሠራበት ጋራዥ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ሲኖትራክ፣ ተሳቢውም አይሱዙውም በደጃችን ያልፋል። ዕቃችንም ለእነሱ የሚሆን ነው። በተለይ አንድ ባለ 20 ቶን ቁም ክሪክ አለን። ባለጋራዡ ጋሼ በዚህ ክሪክ ሲኮሩ ለጉድ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በእግራቸው ነካ እያደረጉት፣ «ይሄ እኮ ቤት ከነመሠረቱ ያነሳል» ይላሉ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ግን አንዲት ኮሮላ ማንሳት አቃተው።

ሰርገኛው ከደሴ ነው የወረደው። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ብዙ መኪና ታች ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል። የሙሽራው መኪና ፍሬን ግን ደህና ነበር። ችግሩ ጎማው ነው። ነጭ ኮሮላ ናት፣ አበባና ሪባን ለብሳለች። ባለቤቱ ሞላዋን አስቆርጦ መሬት አስነክቷታል ማለት ይቻላል። ቸርኬዋ ያብረቀርቃል፤ ጎማዋ 195 በ50፣ ባለ 15 ቸርኬ ነው። የቀኝ የፊት ጎማዋ ጎኑ ተቀድዶ እየተንፏቀቀች ግቢያችን ገባች። ከኋላዋ የሰርግ መኪና ሁሉ ክላክሱን ያቀልጠዋል።

ስኮርታ (ተለዋጭ ጎማ) አላት። ክሪክ ግን የላትም። የክሪኩ ቦታ ላይ ስፒከር ተገጥሞበታል።

ባለ 20 ቶኑ ተዘግቶ እንኳ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል፤ እሱን አልሞከርነውም። ሌላው ክሪካችን መሬት ላይ እየተንከባለለ የሚገባው ባለ 3 ቶን ባለጎማ ክሪክ ነው። እሱም እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ከኪሴ ሜትር አወጣሁና ክሪክ የሚያርፍበትን የመኪናዋን ጎን ለካሁ። 6 ሳንቲ ሜትር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ክሪክ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄን ነው። ያቺ መኪና አራቱም ጎማዋ ተነፍቶ ስትቆም ከጎኗ ሥር 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አላት። 195 በ50 የሚባል ጎማ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ደግሞ የስፋቱ 50 በመቶ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ሲወጣ ጎማው ይታጠፍና መኪናዋ በዚያ ጥግ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። የጎኑ ቁመት ረጅም የሆነ ጎማ፣ ለምሳሌ 175 በ70 ባለ 13፣ ሲተነፍስ ከዚህም በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጎማው ደህና ሳለ መኪናህን ለክተህ «ይገባል» ብለህ የገዛኸው ክሪክ፣ ጎማው በተነፈሰ ቀን፣ ማለትም በምትፈልገው ቀን፣ አይገባልህም።

ሚዜዎቹ ጊዜ አላጠፉም። «አብሽሩ፣ በእጅ እናነሳታለን!» አለ አንደኛ ሚዜው፣ ኮቱን ለሙሽራው እያቀበለ። ጀማው ከበባት። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉ። «ጣትህ ቸርኬ ሥር ገብቶ ከቀረ ቀለበቱን ማን ሊያቀብል ነው?»

ከዚያ ጣውላ ፍለጋ ተገባ። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከተነፈሰው ጎማ ፊት አደረግን። ሹፌሩ በቀስታ ወደፊት ነዳትና ጎማው ጣውላው ላይ ወጣ። 6 የነበረው 10 ሆነ። ለእኛ ክሪክ አሁንም አይበቃም። ረዳታችን ሮጦ ከጎረቤት ቪትዝ ላይ ያቺን በመዘውር የምትዞር የመቀስ ክሪክ ይዞ መጣ። በአንድ እጅ የምትያዝ ናት። ገባች፣ ዞረች፣ አነሳች። ጎማው ተቀየረ። ሙሽራው ኮት ተሸክሞ ነው ሥራውን ጨርሶ ያየው። ባለ 20 ቶኑ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ብር ቆጥረው ሰጡኝ። «ደሴ ውጣና ደህና ክሪክ ግዛ። ባለ 5 ቶን ይሁን። ቶን ላይ እንዳትሰስት።»

«ጋሼ፣ ትላንት የቸገረን እኮ ቶን አይደለም። 4 ሳንቲ ሜትር ነው» አልኳቸው።

አልተዋጠላቸውም። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ከከባድ መኪና ጋር ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን የእንደዚህች ዓይነት ኮሮላ ጠቅላላ ክብደት ከ1 ቶን ብዙም አይዘልም። ክሪክ ደግሞ መኪናውን ሙሉ አያነሳም፤ አንድ ጥጉን ወይም አንድ ወገኑን ነው። ባለ 2 ቶን ይተርፋታል። ሻጭ ቶኑን በትልቁ የሚጽፈው ለመሸጥ ስለሚመች ነው። ዝቅተኛውን ቁመት ግን ካርቶኑ ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ነው የምታገኘው፣ ያውም ከተጻፈ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የመኪና ዕቃ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ሜትሬን ሳወጣ ባለሱቁ ሳቀ። «ሱፍ ልታሰፋለት ነው እንዴ?»

መጀመሪያ ያወረደልኝ በፕላስቲክ ሻንጣ የሚሸጠውን ትንሹን ቀይ ባለ 2 ቶን ነው። ርካሽ ነው፣ ለመያዝም ይመቻል። ስለካው 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ከፍ ሲልም 34 አካባቢ ላይ ያቆማል። ለዝቅተኛ መኪና ሥሩ አይገባም፤ ለረጅም መኪና ደግሞ አናቱ አይደርስም። ከፍታ የሌላትና ዝቅ ያላለች ተራ የቤት መኪና ላለው ሰው ይሆነዋል፤ ለጋራዥ ግን ልጅ ነው።

ሁለተኛው አሉሚኒየም ነው። ዝቅ ሲል 9 ሳንቲ ሜትር፣ ቀላል፣ መልኩም ያማረ። መኪናው ላይ ጭኖ ለሚዞር ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። ለእኛ ግን ክብደቱ መቅለሉ ምንም አይጠቅመን፤ ክሪካችን ከግቢ አይወጣም። ዋጋው ደግሞ የብረቱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሦስተኛው ረጅሙ የብረት ነው። ባለ 3 ቶን፣ ዝቅ ሲል 8 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ከፍ ሲል 50። ብቻዬን አንስቼ ባጃጅ ላይ ልጭነው ስል ወገቤን ያዝኩ። ልቤ ግን እሱ ላይ ነበር።

ቸኩዬ አልገዛሁትም። ሁለተኛ ቁመት አለ፣ ሰው የማይለካው። ፊት ለፊት ያለው፣ መኪናውን የሚነካው ማረፊያው 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ወደ ኋላ ፓምፑ ያለበት ጀርባው ከፍ ይላል። የዝቅተኛ መኪና ፓራውልት (የፊት መከላከያ) ደግሞ ወደፊት ሾጠጥ ያለ ነው። ከፊት አስገብተህ መሃል ላይ ያለውን ወፍራም ብረት ልትደርስበት ስትል ማረፊያው ሳይደርስ ጀርባው ፓራውልቱን ይነካል። ስለዚህ ከማረፊያው ጫፍ እስከ ጀርባው እብጠት ድረስ ያለውን ርዝመትም ለካሁ። እጀታውንም አየሁ። ክሪኩ ጥልቅ ገብቶ እጀታው ወደ ላይ የሚወዛወዝበት ቦታ ካጣ፣ አንዴ ስትጫን ግማሽ ጣት ነው የሚያነሳው። የዚህኛው ለሁለት ተከፍሎ የሚገጠም ረጅም ነው፣ ከመኪናው ውጪ ያሠራሃል።

ቀጥሎ ባለሱቁን «የአንተን ፒክአፕ ላንሳበት» አልኩት። ቅር አለው ግን ፈቀደ። የኋላ ጎማዎቿ እንዳይንከባለሉ ታኮ አደረግኩ፣ የፊቷን አነሳሁ፣ ክንዱ አጠገብ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና ቡና ጠጥተን እስክንጨርስ ተውኩት። ምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ሳወርደውም በቀስታ ነው የወረደው፤ እጀታውን ባዞርኩት ልክ። አንዳንዱ ርካሽ ክሪክ ቫልቩን ነካ ስታደርገው ዘፍ ይላል፤ መኪናውን ሳይሆን ልብህን ነው የሚጥለው።

በዚህ መሃል አንድ ደላላ ደረሰ። «ወንድሜ፣ ያው ራሱን ያገለገለ በግማሽ ዋጋ ላሳይህ» አለ። ማየት አይከፈልበትም ብዬ ሄድኩ። ቀለሙ ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ብዬ ሳየው ዘይት የሚሞላበት ቡሽ ዙሪያ ቀለሙ አብጦ ተልጧል። ሌላው ቦታ ደህና ነው፣ እዚያ ብቻ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። አንድ ሰው የክሪክ ዘይት ሲያጣ የፍሬን ዘይት ጨምሮበታል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት የክሪክን ጎሚኒ፣ ዘይቱን አምቆ የሚይዘውን ላስቲክ፣ ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል። የፒስተኑ አንገት ላይ አቧራ የያዘ ቀጭን የዘይት ቀለበት ነበር፤ ማፍሰስ ጀምሯል። ደላላው «ዛሬ ነው የተወለወለው» ቢለኝም አመስግኜ ተመለስኩ።

ረጅሙን ገዛሁ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ለክሪኩ መሬት ማዘጋጀት ነበር። የዚህ ዓይነት ክሪክ ክንድ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ክሪኩ ትንሽ ትንሽ መንከባለል አለበት። ኮብልስቶን ላይ ወይም ጠጠር ላይ ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች ይጣበቃሉ። ያኔ ወይ መኪናው ይሳባል፣ ወይ ማረፊያው ከቦታው ይንሸራተታል። የግቢያችን ግማሹ ጠጠር ነው። ወፈር ያለ ላሜራ አነጠፍንበት። ማረፊያው ላይ ከአሮጌ የሲኖ ጎማ የቆረጥኩትን ክብ ላስቲክ አደረግኩ፤ ብረት ለብረት ሲገናኝ የመኪናው የጎን ጠርዝ ይታጠፋል።

ታኮን በተመለከተ ረዳታችንን ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። የአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው። የኋላውን ካነሳህ የያዝከው ነገር አየር ላይ ነው ያለው። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስይዝ፣ ከዚያ አንሳ።

አሁን አሁን የኤሌክትሪክ መኪናም ብቅ ብቅ እያለ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ መብዛቱ አይቀርም። ባትሪው ወለሉ ሥር የተዘረጋ ነው። እዚያ ላይ ክሪክ ማሳረፍ የለም፤ በአራቱ ጥግ የተዘጋጀ ቦታ አለው፣ እዚያ ብቻ። ከእኩያው የነዳጅ መኪናም ይከብዳል። ባለ 3 ቶን መያዛችን ለዚህ ይጠቅመናል፤ ጋሼም በቶኑ ነገር ትንሽ ተጽናኑ።

አንድ ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ከብሩ የተረፈውን ይዤ አልመጣሁም። በእሱ ባለ ጥርስ የብረት እስታንድ፣ የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መደገፊያ፣ ጥንድ ገዛሁበት። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ተሸክሞ አያድርም። አንድ ጎሚኒ ቢበጠስ መኪናው ይወርዳል። ዝቅ ያለች መኪና ከሆነች ደግሞ በመሬትና በወለሏ መካከል ለሰው ደረት የሚሆን ቦታ አይተርፍም። ትንሹ ቀይ ክሪክ ያልጣመኝ አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው፤ 34 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እስታንድ ለማስገባት ይጠባል።

ጋሼ እስታንዶቹን አገላብጠው አዩ። አንዱን አቁመው ሊቀመጡበት ሁሉ ሞከሩ።

«ለክሪክ ብልክህ ወንበር ገዝተህ መጣህ?»

«ከሥር የምገባው እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

መልስ አልሰጡኝም። ደብተራቸውን አውጥተው የወጪው ገጽ ላይ «ክሪክ ከነወንበሩ» ብለው ጻፉ።