ስለ ስዊች 2 ያለኝ አስተያየት

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ለገበያ ያቀረበው ስዊች 2 በእጅ ተይዞም ሆነ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ የጨዋታ መሣሪያ ሲሆን፣ ይፋ ከሆኑት ዝርዝሮች መካከል እኔን ከሁሉም በላይ የሳበኝ የመቆጣጠሪያዎቹ አሠራር ነው። በ2017 በወጣው ስዊች ላይ ጆይኮን የሚባሉት ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች በሐዲድ ላይ ተንሸራትተው ይገቡ ነበር፤ አሁን ግን በማግኔት ተስበው ይጣበቃሉ፣ ሲፈለግም ከኋላ ያለውን ቁልፍ በመጫን ይላቀቃሉ። ከዚህም አልፎ አንዱን መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያ ወዲህ በማንሸራተት እንደ ኮምፒውተር ማውዝ መጠቀም ይቻላል። ሶፋ ላይ ተጋድመን ለምንጫወት ሰዎች ግን ጉልበታችን ጠረጴዛ መሆኑ አይቀርም።

ስክሪኑ ከ6.2 ወደ 7.9 ኢንች አድጓል፤ ጥራቱም 1080ፒ ሆኖ በሰከንድ እስከ 120 ምስል ያሳያል። የውስጥ ማከማቻው ከ32 ወደ 256 ጊጋባይት ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ተጨማሪ ጨዋታ የሚጫንበት ካርድ ማይክሮኤስዲ ኤክስፕረስ የተባለው ፈጣን ዓይነት ብቻ በመሆኑ፣ ለቀድሞው ስዊች የተገዙት ካርዶች ጨዋታ ለመጫን አያገለግሉም። እኔን ያልተዋጠልኝ ግን በ2021 የወጣው ስዊች እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ በሚበራበትና በሚጠፋበት የኦሌድ ስክሪኑ ያሳየን ድፍን ጥቁር እያለ፣ ለገበያ ሲቀርብ በአሜሪካ 449.99 ዶላር የተተመነለት አዲሱ መሣሪያ ከኋላው በሚበራ መብራት ወደሚሠራው ኤልሲዲ መመለሱ ነው።