አራተኛው ስኒ

ቃሊቲ አካባቢ አንድ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ቀማሽ ነኝ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ «ታድለሽ! ቀኑን ሙሉ ቡና እየጠጣሽ» ይለኛል። አንጠጣውም። በማንኪያ እንምገውና እንተፋዋለን። ጠዋት የጀመርኩ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሠላሳ አርባ ስኒ ዞሬ እጨርሳለሁ፤ ያኔ ከምላሴ ይልቅ የሚደክመው አፍንጫዬ ነው። አፍንጫ አንድ ሽታ ላይ ትንሽ ከቆየ ይለምደዋል፣ ከለመደው ደግሞ ጭራሽ አይነግራችሁም። የራሳችን ቤት ሽታ ያለው የማይመስለን ለዚህ ነው። እንግዳ ግን ገና በር ላይ ያውቀዋል።

አለቃዬ ጋሼ (ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንላቸው) ከእኔ ዕድሜ በላይ ቡና የቀመሱ ሰው ናቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ማንኪያዬን ከእጄ ይቀበሉና «ተነሺ፣ ውጪና አፍንጫሽን አናፍሺው» ይሉኛል። ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ከመብላቴ በፊት ግማሽ ሰዓት በእግሬ እዞራለሁ። ከበላሁ በኋላ አይሆንም፤ ሽሮና ሽንኩርት ከገባ ውጪ ያለውን ሽታ በደንብ አልለየውም።

ይህን የምጽፈው ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ስለሆነው ነገር ነው። የሰኔ ጾም የገባ ሰሞን ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ናሙናዎች አንዱ ከጌዴኦ የመጣ የታጠበ ይርጋጨፌ ነው። በሦስተኛው ቀን ይጫናል ተብሏል። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ይህ ሁሉ ቡና የሚያልፈው ወይም የሚቆመው በአምስት ትንንሽ ስኒ ነው። ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ እናዘጋጃለን። የተፈጨው ቡና ላይ ሊፈላ ትንሽ የቀረው ውኃ ይፈስበትና አራት ደቂቃ ይቀመጣል። ከላይ እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ይንሳፈፋል። እሱን በማንኪያ ስትሰብሩት የታፈነው ሽታ ባንዴ ይወጣል፣ አፍንጫችሁ እዚያው መገኘት አለበት።

አንደኛውን ሰበርኩ፤ አበባ። ሁለተኛው ሎሚና አበባ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ አንድ ሌላ ነገር መጣ። ስም ላወጣለት አልቻልኩም። እርጥብ የሆነ፣ ከኋላው ደግሞ ጉሮሮ ላይ የሚቆጠቁጥ ነገር። አምስተኛው እንደገና አበባ ሆነ።

«ስኒው በደንብ አልተለቃለቀም ይሆናል» አልኩ ለራሴ። ከኋላዬ አራት ናሙና ይጠብቀኛል። እንደገና ላስፈላ ብል ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ «ንጹሕ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ስወጣ ለቃሚዎቹ በሩ አጠገብ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን ፍሬ በጣታቸው የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ሲያወሩ እንኳ ጣታቸው አያርፍም፣ እንጀራውን ሳይቀር እየለቀሙ የሚበሉ ይመስለኛል። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው እትዬ ጠራችኝ።

«ልጄ፣ የዛሬው ቡና ራሴን አሳመመኝ። ጋዝ ጋዝ ይላል።»

«የመኪናው ጭስ ነው እትዬ፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ነው» አልኳትና አለፍኩ። ቆሜ እንኳ አልነበረም የመለስኩላት።

የቃሊቲን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀላል ባቡሩ ከ2008 መስከረም ጀምሮ እዚህ ድረስ ይመጣና ያበቃለታል። ከዚያ ወዲህ ያለው የከባድ መኪና አገር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወጣው፣ ከጅቡቲ የሚገባው፣ ጉምሩክ የሚጠብቀው፣ ጎማው የፈነዳው ሁሉ እዚህ ይቆማል። ወያላው «ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ ሁለት ሰው!» ይላል፤ ከማዶ ያለው ደግሞ «ቱሉ ዲምቱ!»። ትራንዚተሮቹ ወረቀታቸውን በላስቲክ ፋይል አቅፈው ጭቃውን እየዘለሉ ያልፋሉ።

የምሄድበትን መንገድ በአፍንጫዬ ነው የማውቀው ብል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ነው። በርበሬ እየተፈጨ ከሆነ ከሃያ እርምጃ ላይ ያስነጥሳል፣ ጤፍ ከሆነ ግን ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ አቧራ ነው። ቀጥሎ የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ አለች። የእሷ ቡና እስኪጠቁር ይቆላል፤ እኛ ለቅምሻ የምንቆላው ገና ቡናማ ሳለ ይወርዳል። እሷ ጋ ሽታው ጭስ፣ ዕጣንና የተቆረጠ ሣር አንድ ላይ ነው። ከዚያ ድንች ቅቅል በአዋዜ የምትሸጠው እናት፣ ከዚያ እርጥብ ጣውላ፣ ከዚያ ብየዳ ቤት።

ማዞሪያው ላይ የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ፒካፕ ፍጥነቱን ቀነስ ባደረገ ቁጥር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። መኪናው ሲያልፍ ወዲያው አይቀመጡም፤ ትንሽ ቆመው ይቆያሉ፣ የተነሱት ለሌላ ጉዳይ እንደሆነ ሁሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ትንሽ አለፍ ብሎ ከጋራዡ ፊት ለፊት አንድ ሲኖትራክ ቆሟል። ረዳቱ ብረት ይዞ ጎማዎቹን እየደበደበ ይዞራል። የነፋሱን መጠን በድምፁ ነው የሚለየው፤ ጠንካራው ጎማ «ደንግ» ይላል። የላላው ድምፁ ይታፈናል። ደንግ፣ ደንግ፣ ደንግ እያለ እስከ ተሳቢው ሄደ። ከውስጥ በኩል ያለው አንድ ጎማ ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተለየ። ለእኔ ጆሮ ያው ነው፣ ለእሱ ግን አይደለም። ቆመ። ደገመው። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋና ሦስተኛ መታው፣ ከዚያ ሾፌሩን ጠራው። ሾፌሩ የያዘውን ዳቦ አስቀምጦ መጣ።

እዚያ ቆሜ ሳይ ነው ሽታው የመጣብኝ።

ከመኪናው ጎን አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ትልቅ ሸራ መሬት ላይ ዘርግቶ በብሩሽ ያሻል። ሸራው በዝናብ የራሰ፣ ጫፉ ላይ የጠቆረ ነው። እርጥብ ሸራ የራሱ ሽታ አለው፤ ዝናብ ሲዘንብ የቆየ ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል። ከሱ በላይ ደግሞ ያ የሚቆጠቁጥ ነገር አለ። ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጠዋት የቀረበት ቦታ ላይ።

«በምንድን ነው የምታጥበው?» አልኩት።

«በናፍጣ ነዋ እህቴ። ግራሶ ነክቶት። በሳሙና አይለቅም።»

«ከታጠበ በኋላስ?»

«ይደርቅና ጭነት ይለብሳል።»

በሰኔ ምን ይደርቃል? ጥሬ ቡና ሽታ ይጠጣል። በርበሬ ጎን ካደረ በርበሬ ይላል፣ ቀለም ጎን ካደረ ቀለም፤ እርጥበት ካለበት ደግሞ ይብሳል። ይህን ለአዳዲስ ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። የእኛን ቡና ያመጣው መኪና ሸራ ያኛው ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ልጁም ጥፋት የለበትም፣ ያዘዙትን ነው የሚሠራው። እኔ ግን ጠዋት ስም ያጣሁለትን ነገር ስሙን አገኘሁት። ምሳዬን ትቼ በመጣሁበት ተመለስኩ፣ በጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል።

ስኒ የምታጥበው ልጅ ጠረጴዛውን እያነሳች ነበር። ሁለት ረድፍ ቀርቷታል። «ተዪው፣ ተዪው!» ብዬ ጮህኩባት፣ ደነገጠች፣ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ከቀሩት አንዱ የኔ ይርጋጨፌ ነው። ትኩስ ቡና ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ምንም አይደብቅም። አንደኛውን ቀመስኩ፣ ሎሚ። ሁለተኛው ሎሚ። ሦስተኛውም። አራተኛውን ገና ወደ አፌ ሳላደርሰው ዐወቅሁት። ናፍጣ ነው። እርጥብ ሸራና ናፍጣ።

ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ገብተን ጆንያውን አንድ በአንድ ማሽተት ጀመርን። መሃል ላይ የነበረው ጤነኛ ነው። ጭነቱ ጎንና ላይ የነበሩት ናቸው የተጎዱት፣ አንዳንዶቹ ላይ ዘይት የነካው ወረቀት የመሰለ ፈዛዛ ምልክት አለ። 37 ጆንያ አወጣን። ጥቂቱ ጠዋት ማሽን ውስጥ ገብቶ እነ እትዬ ዘንድ ደርሷል፤ እሱም ተለየ። ያ ሁሉ ከጤነኛው ጋር ተደባልቆ ኮንቴይነር ውስጥ ቢታሸግ ኖሮ የምንሰማው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነበር። ገበሬው ቀይ ቀዩን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጠ ያደረቀው ቡና በኔ «ንጹሕ» ስሙ ሊጠፋ ነበር።

ጋሼ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱንም አሳየኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ስኒ ላይ ነው ያገኘሽው?»

«አንድ።»

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

«ለምን አምስት የምናደርገው ይመስልሻል? አንዱ በቂ ቢሆን ለምን እንደክማለን?»

መልስ አልነበረኝም። አንዱ ስኒ ከሌሎቹ የሚለየው ስኒው ስለቆሸሸ ሊሆን ይችላል፣ ከናሙናው ውስጥ ጥቂት ፍሬ ስለተበላሸም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው እንደገና አፍልቶ ማየት ብቻ ነው። እኔ ሃያ ደቂቃ ሳስቼ የሚቀለኝን መረጥኩ። ጋሼ እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ንጹሕ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ የተሳሳትኩት እንዲነበብ አድርጌ፣ ከሥሩ ትክክለኛውን ጽፌ ሰዓቱንና ስሜን አኖርኩ። ጭነቱ በቀናት ዘገየ።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን እትዬ ጋ መሄዱ ነበር። ነግራኝ ነበር እኮ። ያለ ማንኪያ፣ ያለ ስኒ፣ ያለ ወረቀት፣ ከእኔ እኩል ዐውቃዋለች፣ ደግሞም ስሙን ጠርታ። እኔ ቆሜ እንኳ አልሰማኋትም። እነዚህ ሴቶች ቡናውን ከማናችንም ይበልጥ ቀርበው ነው የሚውሉት፣ ፍሬ በፍሬ፣ ፊታቸው ሥር። ሆኖም ምን ሸተታችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ የሚጠየቁት ስንት ኪሎ ለቀማችሁ ተብለው ነው።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ይቅርታ እትዬ፣ ልክ ነበርሽ» አልኳት። «እንዴት ዐወቅሽው ግን?»

ጣቷን ከቡናው ላይ ሳታነሳ መለሰችልኝ። «ልጆቼን ያሳደግኋቸው በላምባ ምድጃ አይደል እንዴ? ላምባው ወጡ ውስጥ የገባ ቀን እንኳን እኔ፣ ትንሿ ልጄም ታውቀዋለች፤ አልበላም ብላ ታለቅሳለች።»

አሁን ስድስት ሰዓት ላይ ወደ በሩ ከመሄዴ በፊት በለቃሚዎቹ በኩል ነው የምዞረው። እትዬ አንድ እፍኝ ታነሳና ታሸተዋለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ትዘረጋዋለች። አንዳንድ ቀን ምንም አትልም። አንዳንድ ቀን «እስቲ ይህቺን እዪልኝ» ትለኛለች፣ ያን ቀን ሳልዞር እቀራለሁ።