ክፍት ስልክ

ዛሬ ጓደኛዬ ዓይኔ እያየ ስልኳን ተነጠቀች። መንገድ ዳር ቆመን መልእክት እየጻፈች ነበር። አንድ ልጅ ከኋላ መጥቶ መንጭቋት ሮጠ። በቃ፣ ሁለት ሰከንድ። ጣቶቿ ስልክ እንደያዙ ታጥፈው ቀሩ።

ያስደነገጣት የስልኩ ዋጋ አልነበረም። «ክፍት ነው እኮ!» ነው ያለችው፣ ደጋግማ። እውነቷን ነው። የይለፍ ቃል የሚጠቅመው ስልኩ ሲቆለፍ ነው። ተከፍቶ ከተነጠቀ ፎቶው፣ ኢሜይሉ፣ የባንክ ኮድ የሚገባበት ቴክስት ሁሉ ሌባው እጅ ነው። ሳይመሽ ለእህቷ በእሷ ስም «ቶሎ ገንዘብ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደረሳት። ደግነቱ አልላከችም።

ቤት ገብተን የራሴን ስልክ ከፈትኩ። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ስልኮች ላይ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ያመጣው የስርቆት መከላከያ አለ። ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል» የሚለው ስር ነው። ስልኩ ድንገት ተመንጭቆ ሰው ይዞት ሲሮጥ ወይም በሞተር ሲፈተለክ፣ እንቅስቃሴውን ለይቶ ስክሪኑን ራሱ ይቆልፋል። ሌባው ኢንተርኔቱን ቢያጠፋ የሚቆልፍም አለ። ሦስተኛው ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ሆናችሁ በስልክ ቁጥራችሁ ከርቀት የምትቆልፉበት ነው። ግን አስቀድማችሁ ማብራት አለባችሁ።

አይፎን ላይም ከአይኦኤስ 17.3 (የአይፎን ሶፍትዌር) ጀምሮ የራሱ መከላከያ አለው። ስልኩ ከለመደው ቦታ ውጭ ሲሆን የአፕል አካውንት ይለፍ ቃል ልቀይር ለሚል ሰው፣ ፊት ወይም አሻራ ይጠይቃል፤ ከዚያም 1 ሰዓት ያስጠብቀዋል።

የአንድሮይዱን ሦስቱንም ስልኬ ላይ አበራኋቸው። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። አሁን የእናቴን ስልክ ተቀብዬ እያበራሁላት ነው።