ግብር የከፈሉት ዘጠኝ ሰዎች

የሐምሌ 2017 የደመወዝ መክፈያ ሊስት ሦስት ገጽ ነበር፤ 46 ሠራተኛ። ከእነዚህ ውስጥ የሥራ ግብር የተቆረጠባቸው ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አምስቱ ጥበቃና ጽዳት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 7,000 ብር ደመወዝተኛ። ሦስቱ 10,000 ብር ያላቸው ሾፌሮች፣ አንዱ ደግሞ 14,000 ብር ያለው የግምጃ ቤት ሠራተኛ። 38,000 ብር ደመወዝ ያላቸው ሥራ አስኪያጅ ግብራቸው ዜሮ ይላል። በር ከፋቹ 900 ብር ለመንግሥት ከፍሎ፣ በሩ የሚከፈትላቸው ሰውዬ ምንም። ሊስቱ ሥር ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚሉት ሦስቱም ቦታዎች ተፈርመዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፓስወርድ ነው። ከ2008 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ፔይሮል የሚሠራው የሒሳብ ክፍላችን አንጋፋ ጋሼ ባዘጋጁት አንድ የኤክሴል ፋይል ነበር። አንዱ ኢፍ («እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ) በሌላው ሆድ የተሰገሰገበት፣ ሦስት መስመር የሚሞላ ቀመር፤ ሺቱም የተቆለፈ። ፓስወርዱን የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። «ሰው ነክቶ እንዳያበላሸው» ነው ምክንያቱ። ሌላ ምክንያትም ሳይኖረው አይቀርም፤ ፈቃድ በወጡ ቁጥር ስልክ ይደወልላቸዋል፣ እሳቸውም ይህን አይጠሉትም።

በዚያው ሐምሌ የገቢ ግብሩ አዋጅ ተሻሻለና እርከኖቹ ሁሉ ተቀየሩ። ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ወደ 2,000 ከፍ አለ፣ ሰባት የነበረው እርከን ስድስት ሆነ። ጋሼ ግን አገር ቤት ናቸው፤ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ሲወጣ ነው። የተቆለፈው ፋይል አሮጌውን ግብር ከማስላት በቀር ሌላ አያውቅም። አለቃችን ወደ ልጅቷ ዞረው «አንቺ ኤክሴል እየተማርሽ አይደል?» አሏት።

እየተማረች ነበር። ሒሳብ ክፍል ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። የምሳ ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ቪዲዮ ታወርዳለች፣ ማታ መብራት ኖረም ጠፋም በስልኳ ታያለች። ቤቷ ኮምፒውተር ስለሌለ ቀመሩን በደብተር ትገለብጣለች፤ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ገብታ፣ ሰው ሳይመጣ፣ የቢሮው ማሽን ላይ ትሞክረዋለች። የሚከፈልበት ኮርስ አይታሰብም። ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 አልፏል፤ 20 ዶላር የሚባለው ኮርስ ከ1,140 ብር ተነስቶ 2,600 ገባ ማለት ነው። ያውም በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ላለው። ስለዚህ ነጻውን ታሳድዳለች። «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በሚባለው ፕሮግራም የዳታ ትንተናውን ጨርሳ ሰርተፍኬቷን ከጠረጴዛዋ በላይ ለጥፋለች። የኤክሴሉን ደግሞ ከዩቲዩብ፣ ከአንድ ፈጣን ተናጋሪ መምህር።

ያ መምህር በየቪዲዮው የሚደጋግማቸው ሁለት ሕጎች አሉት። አንደኛው፦ ቪሉክአፕ (አንድን ቁጥር ከሠንጠረዥ ፈልጎ አጠገቡ ያለውን የሚያመጣውን ቀመር) ስትጽፉ አራተኛው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ፎልስ አድርጉ። ሁለተኛው፦ ለአለቃ የሚሄድ ወረቀት ላይ ስህተት አይታይም፣ ቀመሩን በኢፍኤረር (ስህተት ሲመጣ የነገሩትን በሚተካው) ጠቅልላችሁ ዜሮ እንዲል አድርጉ።

ሁለቱም ለመምህሩ ምሳሌ ልክ ናቸው። የእሱ ምሳሌ የዕቃ ኮድ ነው። ኮድ 1047 ስትፈልግ 1046 ቢመጣ ጥፋት ነው፤ ፎልስ ማለት «ልክ ራሱን ካላገኘህ የለም በል» ማለት ነው። የግብር እርከን ግን ኮድ አይደለም። 12,640 ብር የሚባል ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ያሉት የእርከን መነሻዎች ናቸው፦ 0፣ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000፣ 14,000። እዚህ የሚያስፈልገው «ከደመወዙ ሳይበልጥ የቀረበውን መነሻ ያዝ» የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ትሩ ነው። ፎልስ ከሆነ 12,640 አልተገኘም ይላል፣ ኢፍኤረር ተቀብሎ ዜሮ ያደርገዋል፣ ዜሮው በሚያምር ቁጥር በወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ግብር የሚቆረጥበት ደመወዙ በዕድል ልክ መነሻው ላይ ያረፈ ሰው ብቻ ነው። ዘጠኙ ሰዎች እነሱ ናቸው።

አልሞከረችውም ወይ? ሞክራለች እንጂ። በድፍን ቁጥር ሞከረችው፦ 7,000 አስገባች፣ 900 መጣ። 10,000 አስገባች፣ 1,650 መጣ። በእጇ አሰላችው፣ ሁለቱም ልክ። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ያለው ነው። አዋጁ እርከኖቹን የሚጽፈው ከ4,001 እስከ 7,000፣ ከ7,001 እስከ 10,000 እያለ ነው፤ ብዙ ሰው ሠንጠረዥ ሲሠራ 4,001ን እና 7,001ን እንዳለ ይገለብጣል። እሷ አልገለበጠችም። የትርፍ ሰዓት የተጨመረለት ሰው 7,000 ከ50 ሳንቲም ቢደርሰው በሁለቱ እርከኖች መካከል ይወድቃል ብላ ራሷ አስባ መነሻውን 7,000 አደረገችው። ልክ ነበረች። ባትጠነቀቅና 7,001 ብላ ብትገለብጥ ኖሮ የመጀመሪያው ሙከራዋ ዜሮ ብሎ ጉዱ ያን ጊዜውኑ ይወጣ ነበር። ስህተቱን የደበቀው በትክክል የሠራችው ነገር ነው።

ሊስቱ ዓርብ ተፈረመ። ሰኞ፣ ሐምሌ 28፣ የባንኩ ደብዳቤ ሊወጣ ሲል ጋሼ ከነፈቃድ ፊታቸው ገቡ። ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ሊስቱን አነሱት። ጋሼ ስም አያነቡም፤ ሦስተኛው ገጽ ታች ያለውን የድምር መስመር ነው የሚያዩት።

«አንቺ ልጅ፣ የግብሩ ድምር ይሄ ነው?»

12,300 ብር ይላል። በሰኔ ከ200,000 በላይ ነበር።

«አዎ ጋሼ፤ አዲሱ አዋጅ ስለቀነሰ እኮ ነው።»

«ቀነሰ ወይስ ጨርሶ ማረ?»

ካልኩሌተራቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ቁልፎቹ ላይ ያለው ቁጥር ከመጥፋቱ የተነሳ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። የሥራ አስኪያጁን መስመር መረጡ፦ 38,000 ሲባዛ በ35 በመቶ፣ 13,300፤ ሲቀነስ 1,500 (የታችኞቹ እርከኖች መጣኝ ዝቅ ስለሚል የሚነሳው ተቀናሽ)፤ 11,800። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮው ላይ ሰረዙና 11,800 ብለው ጻፉ፤ ሥሩንም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ ወደ ሰርተፍኬቱ ቀና ብለው አዩ። ምንም አላሉም፣ ማየቱ በቂ ነበር።

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ወረቀቱን ሳበችና ትንሽ ቆየች።

«ጋሼ፣ 1,500 አይደለም።»

«ምኑ?»

«ተቀናሹ። 2,050 ሆኗል። ግብራቸው 11,250 ነው።»

ጋሼ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀሩ። 1,500ን ለዘጠኝ ዓመት ሲቀንሱ ኖረዋል፤ ከስልክ ቁጥራቸው በላይ ነው የሚያውቁት።

«የትኛው ቪዲዮ ላይ አየሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዋጁ ላይ፣ ጋሼ።»

ክፍሉ ውስጥ ማንም ቀና አላለም። ሁላችንም ድንገት ብዙ ሥራ ነበረብን።

በኋላ ሲሰላ የጋሼ ቀይ ቁጥር ቢጸድቅ ኖሮ ከ14,000 በላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉ 550 ብር ትርፍ ይቆረጥበት ነበር። የልጅቷ ይለፍ ቢባል ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያልቀነሰውን ግብር ራሱ ሊሸከም ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ የመቀነስ ግዴታ ያለበት እሱ ነውና። ከዚያ ወዲያ ከተበላ ደመወዝ ላይ መልሱ ብሎ መጠየቅ ነው፤ በዚህ ኑሮ።

ያረጋገጡትና ያጸደቁትስ? ሥራ አስኪያጁ ሊስቱን ሲፈርሙ የራሳቸውን መስመር አይተዋል፤ ሁሉም ሰው ሊስት ላይ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ነው። በሰኔ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ እጃቸው ላይ የደረሰው 23,540 ነበር። ዓርብ የፈረሙበት 35,340 ይላል። ትክክለኛው 24,090 ነው፤ አዲሱ አዋጅ ለእሳቸው የጨመረው ያችኑ 550 ብር ነው፣ ከ14,000 በላይ ለሆነ ማንም ሰው ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያም አያንስም። ጋሼ ይህን ሊያስረዱ ሲገቡ ሰውዬው በቅን ልቦና «እኔማ መንግሥት አስቦልን ነው ብዬ» አሉ። ጋሼ በሩን ዘግተው ሲወጡ «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» እያሉ ነበር።

እርማቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ፎልስ ወጥቶ ትሩ ገባ። ትሩ የሚሠራው መነሻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡ ታየ። ኢፍኤረር ተነቀለ፤ ስህተት ካለ ይታይ። ከዚያ ለሙከራ በየእርከኑ መሀል ላይ የሚያርፍ ቁጥር ተመረጠ፦ 3,150 ግብሩ 172.50፣ 5,480 ግብሩ 596፣ 8,325 ግብሩ 1,231.25፣ 12,640 ግብሩ 2,442፣ 23,900 ግብሩ 6,315። አምስቱም በእጅ ከተሰላው ጋር ገጠሙ። አንዱ ወጣት ባልደረባ የቪሉክአፕ ታናሽ የሆነው ኤክስሉክአፕ ይሻላል ብሎ ጀምሮ ነበር፤ የቢሮው ኤክሴል በፈረንጆቹ የ2013ቱ እትም ስለሆነ ስሙን እንኳ አያውቀውም። ቢያውቀውም ኤክስሉክአፕ ካልነገሩት በቀር የሚፈልገው ልክ ራሱን ነው፤ ያው ፎልስ በሌላ ስም።

ከሁሉ የተሻለው መላ ግን የመጣው ከጋሼ ነው፤ እሳቸውም መላ ነው ብለው አይደለም የተናገሩት። ደመወዙ ድንበር ላይ ሆኖ የትኛው እርከን እንደሆነ ሲያጠራጥራቸው ሁለቱንም አስልተው ትልቁን እንደሚወስዱ ለልጅቷ ነገሯት። እሷ ለምን አምስቱንም አይሆንም አለች። ለ12,640 በ15 በመቶ ሲቀነስ 300፣ 1,596፤ በ20 ሲቀነስ 500፣ 2,028፤ በ25 ሲቀነስ 850፣ 2,310፤ በ30 ሲቀነስ 1,350፣ 2,442፤ በ35 ሲቀነስ 2,050፣ 2,374። ትልቁ 2,442 ነው፣ ልኩም እሱ ነው። መጣኙ ከእርከን ወደ እርከን እያደገ ስለሚሄድና ተቀናሾቹ ድንበሩ ላይ እንዲገጥሙ ሆነው ስለተሠሩ ሁልጊዜ ይሠራል። አምስቱን በማክስ (ትልቁን በሚመርጠው ቀመር) ውስጥ ደርድሮ፣ ከ2,000 በታች ላለው ደግሞ ዜሮን ስድስተኛ አድርጎ መጨመር ነው። ሉክአፕ የለ፣ ኢፍ የለ፣ ድርደራ የለ፤ የትኛውም ኤክሴል ላይ ይሄዳል። መጣኙንና ተቀናሹን ቀመሩ ውስጥ ከመቅበር ግን በየሴላቸው ማስቀመጥ ይሻላል፤ አለበለዚያ አዋጁ በተቀየረ ቁጥር የጋሼን ኢፍ እንደመቆፈር ነው።

አዲሱ ፋይል ከነሐሴ ጀምሮ ያለምንም ግድፈት እየሄደ ነው። ሺቱ ተቆልፏል። ጋሼ ፓስወርዱን ቢጠይቋት «ሰው ነክቶ እንዳያበላሸው ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው፤ ሳቁ፣ ግን አልሰጠቻቸውም።

በጥር የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ወጣ። ምዘናውን የሞሉት ያው አረጋግጠው የፈረሙት አለቃችን ናቸው። የጋሼ ፎርም ላይ «ሊያሻሽል የሚገባው» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። የእሷ ላይ «የኤክሴል ሥልጠና ያስፈልጋታል» ተብሏል። ፎርሙን ይዛ ሰው ሀብት ሄደች፤ የዓመቱ የሥልጠና በጀት በቁጠባ ምክንያት ተሰርዟል አሏት።