ጎቶች የተዉአቸውን የድንጋይ ክቦች እንዴት አየኋቸው

ለትምህርት ወደ ፖላንድ ከመምጣቴ በፊት ጎቶች ስለሚባሉት ጥንታዊ ጀርመናዊ ሕዝቦች የማውቀው እ.ኤ.አ. በ410 ሮምን መዝረፋቸውን ብቻ ነበር። መቃብራቸውና የድንጋይ ክቦቻቸው በሰሜን ፖላንድ ጫካ ውስጥ እንዳሉ ስሰማ ግን ሳላይ ማረፍ አልቻልኩም።

አስቀድሜ ማንበቤ በጀኝ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዮርዳኔስ፣ ጎቶች ንጉሥ ቤሪግን ተከትለው በሦስት መርከብ ከስካንዲኔቪያ እንደ ተሻገሩ ይተርካል። ሦስቱን መርከብ እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። ተመራማሪዎች ከጎቶች ጋር የሚያያይዙት፣ በቁፋሮ ግኝቶች የሚታወቀው የቪየልባርክ ባህል ግን በቪስቱላ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን መታየት የጀመረ ሲሆን፣ ክቦቹም የእርሱ ናቸው።

ትልቁ ስፍራ ኦድሪ ነው፤ ከቸርስክ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በቱሆላ ደን ውስጥ፣ በቭዳ ወንዝ ዳር። 10 ሙሉ ክቦችና 30 ያህል የመቃብር ጉብታዎች አሉት። የሰፊው ክብ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 33 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዮቹ ተራርቀው የተተከሉ ናቸው፤ መካከል ላይም አንዳንድ ድንጋይ ይቆማል። ክቦቹን ማንም ያያቸዋል። አስቸጋሪዎቹ ጉብታዎቹ ናቸው፤ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ እኩለ ቀን ላይ የመጣ ሰው ሳያስተውላቸው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቁጥቋጦው ሳያድግ በጸደይ መጀመሪያ፣ ያውም በማለዳ ሄድኩ። ፀሐይ በአግድም ስታበራ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላውን ይጥላል፤ መቃብሩም ከመሬቱ ተለይቶ ይታያል።

በጦረኝነት ስማቸው የገነነ ሰዎች ወንዶቻቸውን ሲቀብሩ የጦር መሣሪያ አለማኖራቸው ከሁሉ በላይ አስገረመኝ። በሴቶቹ መቃብር ግን የልብስ ማያያዣ ጌጥና ዶቃ ይገኛል። አስከሬን አቃጥለው አመዱን የቀበሩበትና ሳያቃጥሉ የቀበሩበት ጉድጓድ በአንድ መካነ መቃብር ጎን ለጎን ይታያል።

ጀርመናዊው ፓውል ሽቴፋን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክቦቹ የፀሐይን መውጫ ለመለካት የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አላሳመነኝም፤ ይህን ያህል ድንጋይ ባለበት ወደ ፀሐይ መውጫ የሚያመለክት መስመር አይጠፋም። «ኃይል» ለመቀበል ድንጋዩን የሚያቅፉ ጎብኚዎችም አሉ። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1958 የተከለለው ግን ድንጋዩ ላይ ለበቀለው ላይከን (ሽበት መሰል ሕይወት ያለው ነገር) ሲባል ነው፤ እኔ እጄን ሰብስቤ ዞርኩ።

ጊዜ ያለው ሰው ካሹብያ በተባለው የሰሜን ፖላንድ አካባቢ ሐይቅ ዳር ያለውን ሌላውን የክቦች ስፍራ፣ ቬንሾሪን፣ ያስቀድም። ክቦቹ ጥቂት ስለሆኑ ዓይን ጉብታ መለየትን እዚያ ቶሎ ይለምዳል፤ ኦድሪን ከዚያ በኋላ ማየት ይቀላል።