«ድመቷ የማን ናት?»

ኮሜዲ የጀመርኩት ከካሴት ነው። የተስፋዬ ካሳን ቀልዶች ትንፋሽ አወሳሰዱ ሳይቀር በቃሌ ይዤ ነው ያደግኩት። ለበዓል ደግሞ ደረጀና ሀብቴ በቲቪ አሉልን። ከዚያ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የጓደኛ ሠርግ፣ በነፃ የሠራሁት የምረቃ ድግስ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ያቃጠለኝ የመጀመሪያው «ትልቅ» ሥራ ነው። 2011 ዓ.ም.፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመት መዝጊያ እራት። 20 ደቂቃ፣ 10 ሺህ ብር። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ «ስክሪፕቱን ቀድመህ አስገባ» አለኝ። ከኔ የቀደሙትም «አስገባ፣ ጣጣ የለውም» አሉኝ። ስድስት ገጽ አስጽፌ አስገባሁ።

በሦስተኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ ታርሶ መጣ። ሁሌ ስለሚበላሸው ሊፍታቸው የጻፍኩት፣ «አስተዳደሩን ይነካል»። ስለ ጾም፣ «ሃይማኖት ይነካል»። ስለ አከራዬ፣ «ሊያስቀይም ይችላል»። የአከራዬን ቅያሜ ከኔ በላይ ፈርተውላት! የድመቷ ቀልድ ብቻ ተረፈች። እሷም ጎኗ ላይ «ድመቷ የማን ናት?» ተብሎ ተጽፎባታል። ደውዬ «የማንም አይደለችም፣ ጌታዬ» ብዬ አስረዳሁ። እስከዛሬ የሚያናድደኝ ጥያቄው አይደለም፤ ቁጭ ብዬ ማስረዳቴ ነው።

ደግሞ መድረክ ላይ ያወጡኝ ጥሬ ሥጋው ሲቆረጥ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ቢላዋው ላይ። ድመቷ በሦስት ደቂቃ አለቀች። ላብ ሲያጠምቀኝ የልጅነቴን ካሴት ከፈትኩ፤ የተስፋዬን። ፊት ለፊት የተቀመጡ ጎልማሶች አብረውኝ ማለት ጀመሩ። መጨረሻዋን እንዲያውም ቀድመውኝ በኅብረት አሏት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ለኔ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ስክሪፕት አታስገቡ። ማንም ይምከራችሁ፣ አታስገቡ። «ምን እንዳላነሳ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በቃ። ከምግብ በፊት እንደምትወጡ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሥጋ ካለ እጥፍ ቢከፍሉም እኔ አልሄድም።

ቲን ነምበርም (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ቀድማችሁ አውጡ። ያኔ ቲን ላለው ከክፍያው የሚቆረጠው ግብር 2 በመቶ ነበር፤ ለሌለው 30። እኔ አልነበረኝም። 3 ሺዬ እዚያው ካሸሯ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። 7 ሺውን ቆጥራ ስትሰጠኝ ቀና ብላ «ድመቷ ግን ታስቃለች» አለችኝ።